የሬቪት ማቴሪያል ዝርዝራችሁ ሳይዝረከረክ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው በሬቪት (ህንፃን በሞዴል መልክ የሚሰራ ሶፍትዌር) እየሰሩ ወደ ጨረታ ሰነድ ለተጠጉ አርክቴክቶች፣ ድራፍተሮችና ኳንቲቲ ሰርቬየሮች (የስራ መጠንና ዋጋ የሚያሰሉ ባለሙያዎች) ነው። በተለይ ቢሮአችሁ ከአውቶካድ ወደ ሬቪት ገና እየተሻገረ ከሆነ እባካችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት። ሬቪት የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ግድግዳ እንዴት እንደሚሳል፣ ደረጃ እንዴት እንደሚሰራ፣ ሬንደር (ፎቶ የሚመስል ምስል) እንዴት እንደሚወጣ ያሳያሉ። ማቴሪያልና ፊኒሺንግ ጋ ሲደርሱ ግን ቀለም መርጠው ያልፋሉ። እኛን ብዙ ሌሊት ያስመሸን እዚያው የታለፈው ቦታ ነው።

ፕሮጀክቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰራ ጂ+9 ህንፃ ነበር። ታች ሱቅ፣ መሃል ቢሮ፣ ላይ አፓርታማ። ሞዴሉን ስረከብ ዲዛይኑ አልቆ ነበር፤ የኔ ድርሻ የጨረታ ስዕሎቹንና የፊኒሺንግ ስኬጁሉን (ሰንጠረዡን) ማውጣት ነው። ከኔ በፊት ብዙ እጅ ነክቶታል። በስክሪን ሲታይ ያምራል፣ ባለቤቱም ሬንደሩን ወዶታል። የማቴሪያል ብራውዘሩን ስከፍተው ግን ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። "ሴራሚክ"፣ "ሴራሚክ 1"፣ "ሴራሚክ ነጭ"፣ "ሴራሚክ ነጭ አዲስ"፣ "ሴራሚክ ሽንት ቤት የመጨረሻ"። ከስራቸው ደግሞ "ሬንደር ማቴሪያል 255-255-255" እያሉ በቁጥር ብቻ የሚለያዩ ረድፎች። እነዚህን ሰው አልፈጠራቸውም። የአውቶካድ ወይም የስኬችአፕ ፋይል አስገብታችሁ ስትበትኑት (ኤክስፕሎድ ስታደርጉት) አብረው የሚገቡ ናቸው፣ ቁጥሩም የቀለሙ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ነው። እንደዚህ አይነት ስም ካያችሁ ሞዴሉ ውስጥ የሆነ ቦታ የውጭ ፋይል ተበትኗል ማለት ነውና ምንጩን ፈልጉ።

ችግሩ ገሃድ የወጣው ቢኦኪው (የስራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ሲሰራ ነው። ኳንቲቲ ሰርቬየሩ የኮሪደሩን ወለል ከስዕሉ ለክተው ፖርሴሊን ብለው ያዙት። እኔ ከሞዴሉ ያወጣሁት ቴክኦፍ (ሬቪት ራሱ የሚቆጥረው የማቴሪያል መጠን ሰንጠረዥ) ደግሞ ለዚያው ኮሪደር ቴራዞ ይላል። ሁለታችንም ከአንድ ፋይል ነው የሰራነው። እንዴት ሆነ?

የሆነው እንዲህ ነው። ሬቪት ውስጥ ክፍል ላይ ፍሎር ፊኒሽ፣ ዎል ፊኒሽ፣ ሲሊንግ ፊኒሽ እና ቤዝ ፊኒሽ የሚባሉ ሳጥኖች አሉ። የፊኒሺንግ ስኬጁል የሚወጣው ከእነሱ ነው። ሳጥኖቹ ግን ተራ የጽሑፍ ቦታ ናቸው። "ፖርሴሊን" ብላችሁ ብትጽፉ ክፍሉ ውስጥ የተሳለው ወለል ቴራዞ መሆኑን ሬቪት አይነግራችሁም። ጽሑፉና ወለሉ አይተዋወቁም። አንዱ ዲዛይነር ባለቤቱ ሐሳቡን ሲቀይር ሳጥኑን አስተካክሎ ወለሉን አልነካም፤ ሌላው ደግሞ በሌላ ፎቅ ወለሉን ቀይሮ ሳጥኑን ትቶታል። ስለዚህ ስኬጁሉ የራሱን ያወራል፣ ቴክኦፉም የራሱን። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ይህን ሳያውቁ ሰነድ ያስረከቡ ሰዎች ብዙ እንደሆኑ ከዚያ በኋላ በደንብ አይቻለሁ።

ቡድናችን መጀመሪያ ያሰበው ማጽዳት ነበር። የተደጋገመውን እየመረጡ መሰረዝ። አታድርጉት። ሬቪት ሁለት ማቴሪያል ወደ አንድ የሚያዋህድ መሳሪያ የለውም። በስራ ላይ ያለ ማቴሪያል ስትሰርዙ እሱን ይዘው የነበሩ ግድግዳዎችና ወለሎች ማቴሪያል አልባ ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ግድግዳ ምን እንደነበር ለማወቅ የቆየ ኮፒ መክፈት ነው ያለባችሁ። ለእኛም ያዳነን የቆየው ኮፒ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የማቴሪያል ጽዳት ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ፣ ለቡድኑም ተናገሩ።

ነገሩን የቀየሩት ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ኳንቲቲ ሰርቬየራችን ናቸው። ሬቪት አይከፍቱም። የማቴሪያል ዝርዝሩን አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ "ልጄ፣ እኔ በዚህ ዋጋ አላወጣም" አሉኝ። "ሴራሚክ ነጭ ስትይኝ መጠኑ ስንት በስንት ነው? የሚያንሸራትት ነው ወይስ ሻካራ? የግድግዳ ነው የወለል? ከስሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ስክሪድ አለው? ኮንትራክተሩ ይሄን ነው የሚጠይቀኝ።" ዝርዝሩን መልሰው ሰጡኝ። አንድም ጥያቄያቸውን ሞዴሉ አይመልስም ነበር። ሞዴላችን የሚያውቀው መልኩን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስራውን ከሬቪት ውጪ ጀመርነው። ባዶ ኤክሴል ከፍተን ከጋሼና ከዋናው አርክቴክት ጋር ተቀመጥን። ለእያንዳንዱ ፊኒሺንግ አንድ ኮድ ሰጠን። ለወለል ኤፍ፣ ለግድግዳ ደብሊው፣ ለኮርኒስ ሲ፣ ለዙኮሎ ኤስ፣ ከዚያ ቁጥር። ኤፍ-01 የኮሪደር ፖርሴሊን፣ 60 በ60፣ ኤፍ-02 የሽንት ቤት ሴራሚክ፣ የማያንሸራትት፣ 30 በ30፣ ወዘተ። ከኮዱ ጎን መጠን፣ የገጽታ አይነት፣ ከስር የሚገባው ስክሪድ (ከንጣፉ በታች የሚደረገው የሲሚንቶ ንብርብር) ውፍረት፣ የሚገባበት ክፍል። ዝርዝሩ ሲያልቅ የሚገርም ነገር አየን። ብራውዘሩ ውስጥ ከተከመሩት ስሞች ህንፃው በእውነት የሚፈልጋቸው በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ሌላው ሁሉ የአንዱ ነገር ተደጋጋሚ ስም ነው።

አንድ ምክር እዚህ ላይ። የማቴሪያሉን ስም በኮዱ ጀምሩት፤ "ኤፍ-01 ፖርሴሊን 60 በ60" እንደማለት። ብራውዘሩ በፊደል ቅደም ተከተል ስለሚደረድር ወለሎቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ ግድግዳዎቹም አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ከመጡት ማቴሪያሎችም በዓይን ይለያሉ። ስሙ ውስጥ የአምራች ስም ወይም ቀለም አታስገቡ። እነሱ ይቀየራሉ፣ ኮዱ ግን ባለበት ይቆያል። አምራችና ሞዴል የሚጻፍበት ቦታ በአይደንቲቲ ትሩ ላይ ለብቻው አለ። እዚያው ላይ ማርክ በሚለው ኮዱን፣ ዲስክሪፕሽን በሚለው ደግሞ ቢኦኪው ላይ የሚገባውን ሙሉ አገላለጽ ጻፉ። የማቴሪያል ታግ (የማቴሪያሉን መረጃ የሚያሳይ ምልክት) ስዕል ላይ ስታደርጉ ከእነዚህ ሳጥኖች ነው የሚያነበው። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ የጥያቄ ምልክት ያወጣል። በጨረታ ስዕል ላይ የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ታጉ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሳጥኑ ስላልተሞላ ነው። በእጅ ጽሑፍ አትሸፍኑት፣ ሳጥኑን ሙሉት።

አሮጌዎቹን ወደ አዲሶቹ ያዛወርነው በትዕግስት ነው። ማቴሪያል ቴክኦፍ አወጣን፣ በማቴሪያል ስምና በፋሚሊ (ሬቪት ተመሳሳይ ነገሮችን የሚይዝበት ቡድን) አይነት ደረደርነው። ይህ ስኬጁል "ሴራሚክ ነጭ አዲስ"ን የያዙት የትኞቹ የግድግዳና የወለል አይነቶች እንደሆኑ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አይነቱን ከፍተን ማቴሪያሉን ወደ አዲሱ ቀየርን፣ ስኬጁሉ ላይ አሮጌው ስም ሲጠፋ ብቻ ሰረዝነው። በመጨረሻ ፐርጅ (ስራ ላይ ያልዋለውን ሁሉ የሚያስወግድ ትዕዛዝ) አደረግን። ፐርጅ አንዴ ሰርታችሁ አታቁሙ፤ አንድ ነገር ሲወገድ እሱ ይዞት የነበረው ሌላ ነገር ስራ ፈት ስለሚሆን በቆዩት እትሞች ላይ ምንም የሚወገድ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ ማስኬድ አለባችሁ።

በሮች ላይ ትንሽ ታግለናል። የበርና የመስኮት ፋሚሊዎች አንዳንዶቹ ማቴሪያላቸው ፋሚሊው ውስጥ ተቆልፎ ስለነበር ከፕሮጀክቱ መቀየር አልተቻለም። ፋሚሊውን ከፍታችሁ ማቴሪያሉን ከፓራሜትር ጋር ማያያዝ ነው መፍትሄው። ሌሎቹ ደግሞ "ባይ ካታጎሪ" ላይ ነበሩ፤ ያ ማለት ከኦብጀክት ስታይል (ለእያንዳንዱ የነገር ምድብ ከሚሰጠው የጋራ ቅንብር) የተሰጠውን ይወስዳሉ፣ ሁሉም በር በጅምላ አንድ ነገር ይሆናል። ለፊኒሺንግ ስራ ባይ ካታጎሪ የሚል ነገር ሞዴላችሁ ውስጥ እንዲቀር አትፍቀዱ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ነገር ልምጣ። ጽዳቱ በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ሳለ ለባለቤቱ አዲስ ሬንደር ተላከ። ባለቤቱ ደውለው "የሽንት ቤቱ ግድግዳ ለምን ቡናማ ሆነ?" አሉ። ማንም ሽንት ቤቱን አልነካም። የተነካው የመግቢያው አዳራሽ ግራናይት ነበር፤ ወደ ቡናማ ተቀይሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማቴሪያል ኮፒ አድርጋችሁ አዲስ ስም ስትሰጡት መልኩን የሚይዘው አፒራንስ አሴት አብሮ ላይገለበጥ ይችላል። ሁለቱ ማቴሪያሎች አንዱን አሴት ይጋራሉ። አንዱ ጋ ቀለሙን ስትቀይሩ ሌላውም ይቀየራል። የሽንት ቤቱ ሴራሚክ መጀመሪያ ከግራናይቱ ተገልብጦ ነበር የተሰራው።

ይህን ለማወቅ አፒራንስ ትሩን ክፈቱና ከላይ ያለችውን ትንሽ የእጅ ምልክትና ከጎኗ ያለውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩ ያንን አሴት ስንት ማቴሪያል እንደሚጋራው ይነግራችኋል። ዜሮ ካልሆነ ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት አሴቱን ዱፕሊኬት አድርጉት። በአዲሶቹ እትሞች ማቴሪያሉ ላይ በቀኝ ስትጫኑ ሁለት ምርጫ ይመጣላችኋል፤ አንዱ አሴቱን እየተጋራ የሚገለብጥ፣ ሌላው ማቴሪያሉንም አሴቱንም አብሮ የሚገለብጥ። ሁለተኛውን ምረጡ። ልማድ አድርጉት።

ቀጥሎ ትልቁ ውሳኔ ግድግዳው ነው። ልስን፣ ቀለም፣ የግድግዳ ሴራሚክ በሞዴሉ ውስጥ እንዴት ይገባሉ? ሬቪት የፔይንት መሳሪያ አለው፤ ገጽታውን ጠቅ ታደርጋላችሁ፣ ማቴሪያሉ ይለጠፋል። ቀላልና ፈጣን ስለሆነ የቀደሙት ልጆች በብዛት ተጠቅመውበታል። ለሬንደር ችግር የለበትም። ለልኬት ግን ብዙ መዘዝ አለው። ውፍረት የለውም። አንድ ረጅም ግድግዳ ሁለት ክፍል ካቋረጠ ገጽታው አንድ ስለሆነ ሁለቱም ክፍል ይቀባል፣ ለመለየት ገጽታውን መከፋፈል አለባችሁ። ግድግዳው ተሰርዞ እንደገና ከተሳለ ቀለሙ አብሮ ይጠፋል፣ ማንም አያስታውስም። ቴክኦፍ ላይ ደግሞ "አዝ ፔይንት" የሚለውን መስክ ካላስገባችሁ በፔይንት የተለጠፈውና በግድግዳው ንብርብር ውስጥ ያለው ተቀላቅሎ ይደመራል። ይህን መስክ ሁልጊዜ ጨምሩት፣ በአዎና በአይደለም ይለይላችኋል።

እኛ በመጨረሻ የወሰንነው ይህን ነው። ብሎኬቱና የሁለቱ ጎን ልስን በአንድ የግድግዳ አይነት ውስጥ በንብርብር ይገባሉ፤ ብሎኬቱ ስትራክቸር፣ የውጭው ልስን ፊኒሽ 1፣ የውስጡ ፊኒሽ 2። የውጭና የውስጥ ልስን አንድ ማቴሪያል አይሁን፣ ኮዳቸው ይለያይ፣ ዋጋቸውም ስለሚለያይ። የውስጥ ቀለምን በሞዴል አንስልም፤ መጠኑ ከልስኑ ይወሰድና ሴራሚክ የሚለጠፍበት ይቀነሳል። የግድግዳ ሴራሚክ ደግሞ ለብቻው ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ይሳላል፤ ምክንያቱም በእርጥብ ክፍሎች ከፍታው 2.10 ሜትር ነው እንጂ እስከ ኮርኒስ አይደርስም፣ በንብርብር ካስገባነው ሙሉውን ግድግዳ ይለብሳል። ቀጭኑን ግድግዳ ከዋናው ጋር ጆይን ማድረግ አትርሱ። ካልሆነ በሩና መስኮቱ ዋናውን ብቻ ቀድዶ ሴራሚኩ በሩ ፊት ተዘርግቶ ይቀራል፣ ልኬቱም ከፍ ይላል።

ይህ ለሁሉም ፕሮጀክት ይሰራል አልልም። አነስተኛ ቪላ ላይ ፔይንት ሊበቃችሁ ይችላል። ዋናው ነገር ቡድኑ በአንድ መንገድ መስራቱ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ከፊሉ በፔይንት፣ ከፊሉ በንብርብር፣ ከፊሉ በተለየ ግድግዳ ከሆነ የሚወጣው ቁጥር ለማንም አይጠቅምም።

ወለል ላይ ያገኘነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አርክቴክቱ ወለሉን ሲስል የኮንክሪት ስላቡን፣ ስክሪዱንና ፖርሴሊኑን በአንድ አይነት አስገብቶታል። የስትራክቸር ኢንጂነሩ ሞዴል ውስጥም ስላቡ አለ። ሁለቱ ፋይሎች ሊንክ ሆነው ቴክኦፉ የሊንክ ነገሮችን እንዲያካትት ሲደረግ የፎቁ ኮንክሪት ሁሉ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ጋሼ ቁጥሩን ገና ሲያዩት ነው "ይሄ ልክ አይደለም" ያሉት። ስላቡ የስትራክቸር ሞዴል ንብረት ይሁን። የአርክቴክቸሩ ወለል ስክሪድና ንጣፍ ብቻ ይያዝ፣ ለምሳሌ 4 ሳንቲ ሜትር ስክሪድና 1 ሳንቲ ሜትር ፖርሴሊን፣ ተደምሮ 5። ስላቡም ከተጠናቀቀው ወለል በዚያው 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። የወለሉ ጠርዝ ደግሞ የግድግዳው የተለሰነ ገጽታ ላይ ይቁም። የግድግዳ መሃል ድረስ ከሳላችሁት በየክፍሉ ትንሽ ትንሽ ትርፍ ይገባና ፎቁ ሲደመር ብዙ ይሆናል። በር ስር ያለውን ሶሊያም ለብቻው ያዙት፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ስለ ንጣፍ ከተነሳ የኮሪደሩን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ እኔ ሬቪትን የወደድኩት እዚህ ላይ ነውና። ማቴሪያል ላይ የሚደረገው የገጽታ ፓተርን ሁለት አይነት ነው። ድራፍቲንግ የሚባለው ወረቀት ላይ መጠኑ የማይለወጥ ምልክት ነው፣ ስኬል ስትቀይሩ ከህንፃው ጋር አይሄድም። ሞዴል የሚባለው ግን እውነተኛ መጠን አለው። 60 በ60 ካላችሁት 60 በ60 ነው፣ መስመሮቹን በአላይን መሳሪያ ይዛችሁ ወደ ፈለጋችሁት ቦታ ማንቀሳቀስ ትችላላችሁ። የቀደመው ስዕል ድራፍቲንግ ነበር፣ እውነተኛውን ንጣፍ አያሳይም።

ወደ ሞዴል ፓተርን ስንቀይረው የኮሪደሩ ችግር ፊት ለፊት መጣ። የተለሰነው ስፋት 1.95 ሜትር ነው። ከአንድ ጎን ከጀመራችሁ ሶስት ሙሉ ሴራሚክ ገብቶ 15 ሳንቲ ሜትር ስስ ቁራጭ ይተርፋል። አንዱን ሴራሚክ መሃል ካደረጋችሁ ደግሞ በሁለቱም ግድግዳ ስር 7.5 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይመጣል፣ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሲቆረጥ ይሰበራል፣ ሲያዩትም ያስጠላል። መጋጠሚያውን መሃል ስናደርገው ግን ሁለት ሙሉ መሃል፣ በሁለቱም ጎን 37.5 ሳንቲ ሜትር። እኩል፣ ለመቁረጥ የሚመች፣ ለዓይን የሚያርፍ። ይህን ያደረግነው በአላይን አንድ መስመር በመጎተት ብቻ ነው። ያንን ስዕል ከመጀመሪያ መስመሩ ጋር አውጥተን ለሳይት ሰጠነው። ሴራሚክ አንጣፊው ከየት እንደሚጀምር መገመት አላስፈለገውም። ስለ ብክነት ደግሞ ልብ በሉ፤ ሞዴሉ የሚሰጣችሁ የተጣራውን ስፋት ነው፣ የተቆረጠውና የተሰበረው በውስጡ የለም። ቢኦኪው ላይ የሚገባው የተጣራው ነው፣ ብክነቱን ኮንትራክተሩ ነጠላ ዋጋው ውስጥ ያስገባል። ለግዢ የምታዙ ከሆነ ግን ራሳችሁ ጨምሩበት።

ወደ መጀመሪያው ችግር፣ ስኬጁሉና ሞዴሉ ወደማይተዋወቁበት ልመለስ። ኪ ስኬጁል የሚባለውን (በአንድ ምርጫ ብዙ ሳጥኖችን የሚሞላ ሰንጠረዥ) ተጠቀምን። "እርጥብ ክፍል"፣ "ቢሮ"፣ "ኮሪደር"፣ "መኝታ" እያልን ለእያንዳንዱ የወለል፣ የግድግዳ፣ የኮርኒስና የዙኮሎ ኮድ አንዴ ሞላን። ከዚያ በኋላ ክፍሉን አይነቱን መምረጥ ብቻ ነው፣ አራቱም ሳጥኖች በራሳቸው ይሞላሉ፣ ማንም በእጁ ሌላ ነገር ሊጽፍባቸው አይችልም። ይህ የጽሑፉን መዘባረቅ አጠፋው። ወለሉ ከጽሑፉ ጋር መስማማቱን ለማየት ደግሞ ለእያንዳንዱ ፎቅ ሁለት ፕላን አዘጋጀን። አንዱ ክፍሎቹን በፍሎር ፊኒሽ ሳጥናቸው ቀለም ይቀባል፣ ሌላው የተሳለውን ወለል በአይነቱ በፊልተር ይቀባል። ለአንድ ኮድ በሁለቱም ተመሳሳይ ቀለም ሰጠን። ጎን ለጎን ስታደርጓቸው የተለያየው ክፍል ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ዳይናሞ (ከሬቪት ጋር የሚሰራ የፕሮግራሚንግ መሳሪያ) የምትችሉ ካላችሁ ይህን ንጽጽር ወደ ኤክሴል አውጥታችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ፤ እኛ ግን በሁለቱ ፕላን ብቻ ጨርሰነዋል።

ከዚያ የዋጋው ነገር መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ፖርሴሊን ላይ የነበረው ስሌት ሁሉ ፈረሰ። ማቴሪያል ላይ ኮስት የሚባል ሳጥን አለ፣ ከኛ በፊት የነበሩት ዋጋ ሞልተውበት ነበር። ያ ዋጋ ወዲያው የማይረባ ሆነ፣ ግን ሞዴሉ ውስጥ ተደብቆ ስለተቀመጠ ወደ ስኬጁል እየወጣ ሰው ያሳስታል። አጠፋነው። ዋጋ የጋሼ ኤክሴል ውስጥ ይኑር፣ ሞዴሉ መጠንና ኮድ ብቻ ይስጥ። ዋጋ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ሀገር ሞዴል ውስጥ ዋጋ ማስቀመጥ አልመክርም።

ባለቤቱም በዚያ ሰሞን የኮሪደሩን ፖርሴሊን ትቶ ወደ ሀገር ውስጥ እብነ በረድ ለመሄድ ወሰነ። ድሮ ቢሆን ይህ ለኛ ጥፋት ነበር። አሁን ግን የኤፍ-01ን ስም፣ ዲስክሪፕሽን፣ ፓተርንና ውፍረት ቀየርን፣ ኮዱ ባለበት ቀረ። ታጎቹ፣ ስኬጁሉ፣ ቴክኦፉ አብረው ተቀየሩ። ውፍረቱ ስለጨመረ የስክሪዱን መጠን መቀነስ ነበረብን፣ እሱንም በአንድ የወለል አይነት አስተካከልነው።

ቴክስቸር ላይ አጭር ነገር። የሴራሚኩ ፎቶ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ከተቀመጠ ሌላው ሰው ፋይሉን ሲከፍት ሬንደሩ ላይ ቴክስቸሩን አያገኘውም። ፎቶዎቹን በሙሉ ቢሮው በሚጋራው አንድ ፎልደር አድርጉና በኦፕሽን ውስጥ ሬንደሪንግ በሚለው ስር የዚያን ፎልደር አድራሻ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጨምሩ። ለአዲስ ፕሮጀክት ደግሞ ማቴሪያሎቹን በትራንስፈር ፕሮጀክት ስታንዳርድ ውሰዱ። ተመሳሳይ ስም ካለ ይተካ ወይስ አዲሱ ብቻ ይግባ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ሳታነቡ ኦኬ አትበሉ፣ ያስተካከላችሁትን ሊሽረው ይችላል።

በሬቪት ፈንታ አርኪካድ የሚባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከአርኪካድ 17 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ቢልዲንግ ማቴሪያል እና ሰርፌስ ለየብቻ ናቸው። መልኩን መቀየር ንብርብሩን መቀየር አይደለም። ኮዱ ግን እዚያም ያስፈልጋችኋል።

በርቀት ለአሜሪካ ቢሮዎች የምትሰሩ ደግሞ የራሳችሁን ኮድ አትፍጠሩ። እዚያ ፊኒሺንግ በማስተርፎርማት (የግንባታ ስራዎች በቁጥር የሚመደቡበት ሥርዓት) ክፍል 09 ስር ነው፤ ንጣፍ 09 30 00፣ ቀለም 09 91 00። የላኩላችሁን ቴምፕሌት ስትከፍቱ መጀመሪያ ኪኖቱን (ስዕል ላይ በኮድ የሚወጣውን ማስታወሻ) እዩ፣ በእሱ ሂዱ።

ሳይት ላይ የጠቀመን የመጨረሻው ነገር ናሙናው ነው። የጸደቀ ሴራሚክ፣ እብነ በረድና ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ሁሉ ፊቱ ላይ ኮዱ በማርከር ተጽፎበት የሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሳይት ኢንጂነሩ ስዕሉ ላይ ኤፍ-02 ሲያነብ ቀና ብሎ ኤፍ-02ን ያየዋል። ማቴሪያል ሲመጣም ከመውረዱ በፊት ከሰሌዳው ጋር ይመሳከራል። አንድ ጊዜ የመጣ የሽንት ቤት ሴራሚክ ለስላሳ ስለነበር እዚያው መኪናው ላይ እያለ ተመልሷል።

ስዕል ከማተማችሁ በፊት የምናየውን ልንገራችሁና ላብቃ። ቴክኦፉ ላይ በኮድ የማይጀምር የማቴሪያል ስም አለ? ካለ የትኛው አይነት እንደያዘው ፈልጉ። ማርክ ወይም ዲስክሪፕሽን ባዶ የሆነ አለ? "አዝ ፔይንት" ላይ አዎ የሚል መስመር ካለ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው? ሁለቱ ባለ ቀለም ፕላኖች ይመሳሰላሉ? ኮንክሪት በአርክቴክቸሩ ፋይል ውስጥ ይታያል? እነዚህን ከስዕል ማተሚያው ቀን በፊት እንጂ በዚያው ቀን አትመልከቱ፤ አንዱ ስህተት ከተገኘ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይወስዳል። ማቴሪያል የሚፈጥርና የሚሰርዝ ሰውም አንድ ብቻ ይሁን። ሌላው የቡድን አባል አዲስ ፊኒሺንግ ሲፈልግ ለእሱ ይናገር፣ መጀመሪያ ኤክሴሉ ላይ ኮድ ይሰጠው፣ ከዚያ ወደ ሞዴሉ ይግባ።